ከአስፋልቱ በታች፣ ከመዝገቡ ውስጥ፦ የፖርትስማውዝ ጥቁሮች ታሪክ እንዴት ወጣ

በኦክቶበር 2003 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፖርትስማውዝ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ የመሬት ውስጥ ቱቦ ለማደስ ቸስትነት ጎዳናን ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች የሬሳ ሣጥን አገኙ። ሥራው ቆመ፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ተጠሩ። ከመጀመሪያው ሣጥን አጠገብ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እየታየ ቁጥሩ 13 ደረሰ። የስምንት ሰዎች አጽም ወጥቶ ተመረመረ፤ የዲኤንኤ ምርመራውም ሟቾቹ የአፍሪካ ዘር ያላቸው መሆናቸውን አረጋገጠ። በአካባቢው እስከ 200 የሚደርሱ ሰዎች ተቀብረው ሊሆን እንደሚችል ተገመተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ድንገተኛ ግኝት ነው፤ ዶማ አፈር ነካ፣ ታሪክ ወጣ እየተባለ። እኔ ግን ጉዳዩን በቅርብ ሳየው ድንገተኛ የሚባለው ክፍል በጣም ትንሽ ሆኖ አገኘሁት። የመቃብር ቦታው በ1705 በከተማዋ መዝገብ ላይ ተጠቅሷል። የሟቾቹ ዘመን ሰዎች በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ በውርስ ዝርዝር፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ለመንግሥት ባቀረቡት አቤቱታ ውስጥ በስም አሉ። የሠራተኞቹ ዶማ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊትም አንዲት የከተማዋ ተወላጅ ይህን ሁሉ አንብበው፣ ለቅመው፣ ለሕዝብ አቅርበውት ነበር።

ስለዚህ የዚህ ጥናት ጥያቄ ሣጥኖቹ እንዴት ተገኙ የሚል አይደለም። ይህን ያህል የተጻፈ ማስረጃ የያዘች ከተማ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሳታውቅ እንዴት ኖረች? ማወቅ ስትጀምርስ ምን አደረገች? ነው።

ባሪያ የነበረበት ሰሜን

ፖርትስማውዝ የፒስካታኳ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ የተቆረቆረች ናት። ሕዝቧ ዛሬም ወደ 22 ሺህ ገደማ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሀብቷ ከመርከብ ሥራ፣ ከእንጨትና ከዓሣ ንግድ የመጣ ነበር። እንጨቱና የደረቀው ዓሣ የባሪያ ጉልበት ሸንኮራ ወደሚያመርትባቸው የካሪቢያን ደሴቶች ይጫናል፤ በመልሱ ስኳርና የስኳር ዝቃጭ ይመጣል፤ ከጭነቱ ጋርም ሰው ይመጣል። በ1645 ከጊኒ ጠረፍ የተነጠቀ አንድ አፍሪካዊ በዚህ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ተሽጦ እንደነበር ተመዝግቧል። የማሳቹሴትስ ሸንጎ ሰውየው በጠለፋ የተወሰደ ነውና ወደ አገሩ ይመለስ ብሎ አዘዘ። ጉዳዩ ለሸንጎ ባይቀርብ ኖሮ ያ ሰውም መኖሩ ባልታወቀ ነበር።

በ1767 በተደረገው ቆጠራ ፖርትስማውዝ ከ4 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ሲኖራት፣ ከእነዚህ 187ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ቁጥሩ ከደቡቡ የጥጥና የትምባሆ እርሻዎች ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ታሪኩ በቀላሉ የተሸሸገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። በደቡብ ባርነት ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ እርሻ። በፖርትስማውዝ ግን በባርነት የተያዘው ሰው በነጋዴው ቤት ሰገነት ላይ ወይም በማድ ቤቱ ጥግ ያድራል፤ በወደቡ፣ በማተሚያ ቤቱ፣ በመርከብ ላይ ይሠራል። መዝገብ ጸሐፊዎችም አብዛኛውን ጊዜ የእገሌ አገልጋይ ብለው ያልፉታል። ትውልድ ሲያልፍ ባርነት የደቡብ ኃጢአት፣ ነጻነት የሰሜን ጽድቅ ሆኖ ተተረከ። ያማሩት የነጋዴ ቤቶች ሙዚየም ሆኑ፤ ጎብኚው የመስኮቱን ጥርብና የወንበሩን ዕድሜ ጠይቆ ይወጣል። ያንን ወንበር ማን እንደወለወለው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም።

ጥያቄውን የጠየቁት ሴት

ቫለሪ ከኒንግሃም በፖርትስማውዝ በ1941 ከጥቁር ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ስለ አካባቢው ታሪክ በተጻፉ አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ባሪያዎች እዚህም እዚያም ሲጠቀሱ አዩ። በትምህርት ቤት ያልተነገራቸው ነገር ነው። ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ፤ ለአሥርተ ዓመታትም አላቋረጡም። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ወይም የምርምር በጀት ይዘው አይደለም የጀመሩት፤ በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ፍላጎት ነው።

የተከተሉት መንገድ ለማንኛውም የትንሽ ከተማ ታሪክ ፈላጊ ትምህርት የሚሆን ነው። የአብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን አገላበጡ። ሀብታም ሰው ሲሞት ንብረቱ ይቆጠራል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከአልጋውና ከላሙ ጎን ሰው በዋጋ ተጽፎ ይገኛል። በጋዜጣ ላይ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሽያጭና የጠፋ። በተለይ ሁለተኛው ጨካኝ ሆኖ ሳለ ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ ይናገራል፤ ጌታው ያመለጠበትን ሰው እንዲያዝለት ቁመቱን፣ ልብሱን፣ አነጋገሩን፣ ምን ሙያ እንዳለው ሁሉ ይዘረዝራልና። የግብር መዝገብ፣ የመርከብ ወረቀት፣ የጦር ሠራዊት ስም ዝርዝርም አለ። በእኛም አገር የጥንት ርስት፣ ሽያጭና ስጦታ የሚገኘው በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከተጻፉ ማስታወሻዎች አይደለምን? ኅዳጉን የሚያነብ ሰው ዋናው ጽሑፍ ያላሰበውን ያገኛል።

ትልቁ እንቅፋት ስም ነበር። በባርነት የተያዘ ሰው በጌታው የአባት ስም ይጠራል፤ ሲሸጥ ስሙም አብሮ ይለወጣል። የመጠሪያ ስሙን የሚመርጥለትም ጌታው ነው፤ ኬቶ፣ ሲፒዮ፣ ፋሮ፣ ኒሮ፣ ሴኔካ እየተባለ። አንድን ሰው ከጥምቀት እስከ መቃብር ለመከተል መጀመሪያ የጌቶቹን ዝምድናና የሽያጭ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከኒንግሃም ይህን አድካሚ ሥራ ሠርተው በ1995 የፖርትስማውዝ የጥቁሮች ቅርስ ጉዞን መሠረቱ። በከተማዋ ልዩ ልዩ ቦታዎች የነሐስ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ በዚህ ቤት እገሌ በባርነት ኖረ፣ በዚህ አዳራሽ እነ እገሌ ተሰበሰቡ የሚሉ። ጉዞው ከሚያሳያቸው ቦታዎች አንዱ ያ የተረሳው የመቃብር ቦታ ነበር። ምርምሩም በ2004 ከሌላ ጸሐፊ ጋር በጋራ በመጽሐፍ ወጣ።

ጉዞው ባርነትን ብቻ አልነበረም የሚያወሳው። ፐርል ጎዳና ላይ ያለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው፤ በ1952 ገና የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያ ሰብኳል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን፣ በሜይን ግዛት ፖርትላንድ ደግሞ በ1828 የታነጸ የጥቁሮች መሰብሰቢያ ቤት አለ፤ ስሙም አቢሲኒያን ይባላል። ያ ትውልድ የአገራችንን ስም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲጽፍ ኢትዮጵያን ያየ ሰው በመካከሉ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ሳስብ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይመስለኝም።

ንጉሡና አቤቱታው

ከዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አንድ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ መዝገብን አጋጥሞ ማንበብ ምን እንደሚያወጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለምና።

በ19ኛው መቶ ዘመን የከተማዋን የድሮ ወሬ የሰበሰበ አንድ ጋዜጠኛ የፖርትስማውዝ ጥቁሮች በየዓመቱ በሰኔ ገደማ የራሳቸውን ንጉሥና ሹማምንት ይመርጡ እንደነበር ጽፏል። በሰልፍ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ይሄዳሉ፤ ሹመት ይሰጣሉ፤ ይጨፍራሉ። ንጉሡ ኒሮ ብሩስተር ይባላል። እንደራሴው ዊሊ ክላርክሰን፣ የፍርድ አስፈጻሚው ጆክ ኦዲዮርን፣ ምክትሉ ፋሮ ሾርስ። ሸንጎው ከመካከላቸው ያጠፋውን ከስሶ፣ ፈርዶ ይቀጣል። ጋዜጠኛው ይህን የጻፈው አንባቢውን ለማሳቅ ነበር፤ ባሪያ ንጉሥ ሆኖ ሲጫወት እንደማየት።

አሁን ሌላውን ወረቀት እናንሣ። በኖቬምበር 12 ቀን 1779፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ላይ ሳለች፣ በፖርትስማውዝ በባርነት የተያዙ 20 ሰዎች ነጻ እንዲወጡ ለኒው ሃምፕሸር ምክር ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ከአቤቱታው ሥር ከሰፈሩት ስሞች መካከል ኒሮ ብሩስተር፣ ዊል ክላርክሰን፣ ጃክ ኦዲዮርን፣ ፋሮ ሾርስ ይገኛሉ።

እነዚያው ሰዎች ናቸው። ቀልድ ተብሎ የተጻፈው ሸንጎ ቀልድ አልነበረም። ሕዝብ የመረጠው፣ ሥልጣኑን በአባላቱ ዘንድ ያስከበረ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ የወገኑን ጉዳይ በጽሑፍ ወደ መንግሥት ያቀረበ አመራር ነበር። የጋዜጠኛው ወግ ብቻውን ሲነበብ ጨዋታ ነው፤ አቤቱታው ብቻውን ሲነበብ የሃያ ግለሰቦች ልመና ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ የተደራጀ ማኅበረሰብ ይታያል። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በላይ የማደንቀው ግኝት ይህ ነው፤ ለማግኘትም አንድ ሜትር መሬት መቆፈር አላስፈለገም።

የአቤቱታው ቃል ደግሞ ልመና ይባል እንጂ ክስ ነው። የተፈጥሮ አምላክ ሕይወትንና ነጻነትን «ከሌሎች ሰዎች ጋር ፍጹም በሆነ እኩልነት» እንደሰጣቸው ይጀምራል። ራሳቸውን መከላከል በማይችሉበት የልጅነት ዕድሜ ተይዘው፣ ታስረው፣ ከትውልድ አገራቸው እንደተጋዙ ይናገራል። ከዚያ ሁለቱን አገሮች ያነጻጽራል፦ በአንደኛው ዕውቀትና ክርስትና የለም ቢባልም ነጻ ሆነው ተወለዱ፤ በሁለተኛው ዕውቀት፣ ክርስትናና ነጻነት መመኪያ ሆነው ሳለ እነርሱና ልጆቻቸው በመከራ ባርነት ይኖራሉ። በመጨረሻም ስለ ነጻነት ጣዕም በክብር በሚታገል አገር ውስጥ የባሪያ ስም ከእንግዲህ እንዳይሰማ ይጠይቃል። በዚያን ዘመን በነጻነት አዋጁ የሚምል ማንኛውም ባለሥልጣን ይህን አንብቦ በምን ልብ እንደሚመልስ ማሰብ ይከብዳል።

ፈራሚዎቹ ለዚያ አዋጅ ሩቅ አልነበሩም። ከሃያዎቹ አንዱ ፕሪንስ ዊፕል ነው። ጌታው ዊሊያም ዊፕል በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱና የጦር መኮንን ሲሆን፣ ፕሪንስም በዚያው ጦርነት አገልግሏል።

ምክር ቤቱ አቤቱታውን ተቀበለ፣ ሰማ፣ በ1780 ደግሞ ጉዳዩን ለመወሰን ገና አልበሰለም ብሎ ወደ ሌላ አመቺ ጊዜ አስተላለፈው። በጁላይ 1780 አቤቱታው በኒው ሃምፕሸር ጋዜት ላይ ለአንባቢ መዝናኛ በሚል መግቢያ ታተመ። ይህን ጋዜጣ በ1756 የመሠረተው ዳንኤል ፋውል ነው፤ በማተሚያ ቤቱም ለረጅም ዘመን የመጫኛውን እጀታ ሲስብ የኖረው ፕራይመስ የሚባል በባርነት የያዘው አፍሪካዊ ነበር። የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያዎች የታተሙት በዚያው ማተሚያ ነው።

ከሃያዎቹ ስድስቱ በሕይወታቸው ሳሉ በልዩ ልዩ መንገድ ነጻ ወጡ። ፕሪንስ ዊፕል ነጻነቱን ያገኘው በ1784 ሲሆን፣ ከሚስቱ ከዳይናና ከወዳጆቻቸው ጋር በዊፕል ቤት የአትክልት ቦታ ጀርባ በቆመ ትንሽ ቤት ኖረ፤ በ1796 ሞተ። አሥራ አራቱ ባሪያ እንደሆኑ አረፉ።

ቱቦው፣ ሣጥኖቹ፣ ውሳኔው

የመቃብር ቦታው መጀመሪያ ከከተማው ዳር ነበር። ከተማዋ ስታድግ ቦታው ተፈለገ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቤትና መንገድ ተሠራበት። ማን ምን ብሎ እንደወሰነ የሚያሳይ ታላቅ ድራማ አያስፈልግም፤ በመሬቱ ላይ የሚከራከር ቤተሰብ የሌለው፣ ቢኖረውም ድምፅ የሌለው ሕዝብ መቃብር ነበር። ነጮቹ የተቀበሩባቸው የዚያ ዘመን መቃብሮች ግን እስከ ዛሬ አሉ።

በ2003 ሣጥኖቹ ሲታዩ ከተማዋ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው በብዙ ቦታ የተለመደው ነው፦ አጽሙን በክብር አንሥቶ ሌላ መቃብር ውስጥ ማሳረፍ፣ ቱቦውን መቅበር፣ አስፋልቱን መመለስ። ፖርትስማውዝ ይህን ልታደርግ ትችል ነበር። ያላደረገችበት ምክንያት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከኒንግሃምና ባልደረቦቻቸው ስምንት ዓመት ቀድመው ጉዳዩን የሕዝብ ዕውቀት ስላደረጉት ነው። በከተማዋ የጉብኝት ጉዞ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ማንም ባለሥልጣን አላወቅንም ሊል አይችልም። ሟቾቹም ስም የለሽ አጽም ብቻ ሆነው አልወጡም፤ የነኒሮና የነፕሪንስ ወገን፣ የነዳይና ጎረቤት መሆናቸውን ከተማው ያውቃል። ቀደም ሲል በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ በመንግሥት ሕንፃ ግንባታ ላይ የጥቁሮች መቃብር ሲገኝ ግንባታው ሳይቆም ቀጥሎ፣ ሕዝብ ተቆጥቶ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ነበር ነገሩ መልክ የያዘው። ፖርትስማውዝ ያን ያህል ጠብ አላስፈለጋትም፤ የንባቡ ሥራ ቀድሞ ተሠርቶላት ነበር።

የከተማዋ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ለዓመታት ከነዋሪዎች ጋር መከረ፤ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሥራ ነበር። ዋናው ውሳኔ ከባድ ነው፤ ጎዳናው ለመኪና ይዘጋ የሚል። በመሀል ከተማ፣ ማቆሚያ ቦታ በሚያስጨንቅበት ሰፈር፣ መንገድን ለሙታን መልሶ መስጠት ቀላል አይደለም። በስቴትና በኮርት ጎዳናዎች መካከል ያለው የቸስትነት ክፍል ከመኪና ነጻ ሆነ። እኔ የከተማዋን ቅንነት የምለካው በሐውልቱ ውበት ሳይሆን በዚህ ነው።

ሥራውን ቀራፂው ጀሮም ሜዶውስ ነደፈው። በመግቢያው በቆመ የድንጋይ ሰሌዳ በአንዱ ወገን ወንድ፣ በሌላው ወገን ሴት ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል፤ በድንጋዩ ጠርዝ በኩል እጃቸው ሊነካካ ይቃረባል እንጂ አይገናኝም። ከዚያ ተነሥቶ በመሬቱ ላይ የሚሄድ መስመር ከ1779ኙ አቤቱታ የተወሰዱ ቃላትን ይዟል። በሌላው ጫፍ የከተማውን ሰው የሚወክሉ ስምንት የሰው ቅርጾች ቆመዋል። አጥሩ ላይ የከተማዋ ተማሪዎች የሠሯቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አሉ። ለዓመታት በጥበቃ የቆዩት አጽሞች በሜይ 2015 በዚያው መሬት፣ በተዘጋጀላቸው ካዝና ውስጥ ተመልሰው አረፉ፤ መታሰቢያውም በሜይ 23 ተመረቀ።

ከዚህ በፊት፣ በ2013፣ የኒው ሃምፕሸር ምክር ቤት ከ233 ዓመት በፊት ወደ ሌላ ጊዜ ያስተላለፈውን አቤቱታ እንደገና አነሣ። ባሪያ ሆነው ለሞቱት 14 ፈራሚዎች ነጻነት የሚሰጥ ሕግ ጸደቀ፤ አገረ ገዥዋ ማጊ ሃሰንም በጁን ወር ፈረሙበት። ለሞተ ሰው ነጻነት ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ አቤቱታው የቀረበው ለምክር ቤቱ ነበር፤ መልስ ያልሰጠውም ምክር ቤቱ ነው። ተቋሙ አልጠፋም፤ ስለዚህ የሚጠበቅበትን መልስ ዘግይቶም ቢሆን መስጠት የእርሱ ግዴታ እንጂ ለሟቾቹ የተደረገ ችሮታ አይደለም።

ከከተማዋ ባሻገር፣ ከሃያዎቹም ባሻገር

በ2017 የፖርትስማውዝ ጉዞ ወደ ግዛቱ ሁሉ ሰፍቶ የኒው ሃምፕሸር የጥቁሮች ቅርስ ጉዞ ሆነ፤ መሪዋም ጄሪአን ቦጊስ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ትንንሽ ከተሞች ተራቸው ደረሰ። በሚልፎርድ ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረችው ሃሪየት ዊልሰን ልብ ወለድ በማሳተም ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ፈር ቀዳጅ ነች፤ መጽሐፏ በ1859 ቢታተምም ከመቶ ዓመት በላይ የሚያስታውሳት አልነበረም። ኒውማርኬት በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ አያቱ ጥቁር የሆነው ዌንትዎርዝ ቼስዌል በ1768 በሕዝብ ድምፅ ለከተማው ሥልጣን ተመርጧል፤ በአሜሪካ ከጥቁር ዘር የተመረጠ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ነው የሚሉት አሉ። እነዚህም ታሪኮች በመዝገብ ላይ የነበሩ ናቸው።

አንድ ነገር ግን የፖርትስማውዝን ጉዳይ ያላለቀ ያደርገዋል። የአቤቱታው ሃያ ፈራሚዎች ሁሉም ወንዶች ናቸው። የሸንጎው ሹማምንትም እንዲሁ። የ2013ቱ ሕግ ነጻነት የሰጠው ለፈራሚዎቹ ነው፤ መፈረም ያልተፈቀደላት ወይም ያልተጠየቀች ሴት በሕጉ ውስጥ የለችም። ስለ ሴቶቹ የምናውቀው በተበጣጠሰ መንገድ ነው። ዳይና ዊፕል ባሏ ከሞተ በኋላ በቤቷ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ እስከ 1846 ድረስ ኖረች። ኦና ጀጅ ከጆርጅ ዋሽንግተን ቤት፣ ከፊላደልፊያ፣ በ1796 አምልጣ በመርከብ ወደ ፖርትስማውዝ መጣች፤ ፕሬዚዳንቱ እንድትመለስ ሰው ቢልኩባትም እንቢ አለች፤ ሁለተኛ ሊይዟት ሲመጡ ግሪንላንድ ወደምትባል የኒው ሃምፕሸር ጎረቤት ከተማ ሸሸች፤ እስከ 1848 ድረስም በሕግ ባሪያ፣ በተግባር ነጻ ሆና ኖረች። የዋሽንግተን ስም ባይኖር ኖሮ የእርሷን ታሪክ ማን ይጽፍ ነበር? በእርጅናዋ ሁለት ጋዜጦች ጠይቀዋት በራሷ አንደበት ስለተናገረች ነው ዛሬ የምናውቃት።

የቀሩት ሴቶች በጥምቀት መዝገብ ውስጥ በአንድ ስም፣ በውርስ ዝርዝር ውስጥ በአንድ ዋጋ፣ በጋዜጣ ውስጥ ጎበዝ ምግብ አብሳይ ናት በሚል አንድ መስመር ተበትነው ይገኛሉ። የወንዶቹን ሸንጎ ሰልፍ የተረከው ጋዜጠኛ እነርሱን አልጻፈም። እያንዳንዷን ከመዝገብ ወደ መዝገብ ለመከተል እንደ ወንዶቹ ሁሉ ከጌቶቹ ቤተሰብ መጀመር፣ ከዚያም ጌታ ሲሞት ሴት ልጁ ወደ ባሏ ቤት ማንን ይዛ እንደሄደች መፈለግ ያስፈልጋል፤ በባርነት የተያዙ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚተላለፉት በጋብቻ ስጦታና በውርስ ነበርና። ይህ ሥራ ገና አላለቀም፤ ከቸስትነት ጎዳና ዳር ካሉት ቤቶች ሥር ያሉት ሌሎቹ መቃብሮችም አልተነኩም።